ፕሪንተሩ ቤት ሲቀይር

ታላቅ እህቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቤት ስላችሁ ሶስት በአራት የማትሞላ ክፍል ናት፣ አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ላሚኔሽን፣ ግድግዳው ላይ "ዱቤ የለም" የሚል ወረቀት (ዱቤ አለ)፣ እና ዛሬ ጉዱን የማወራላችሁ ፕሪንተር። እኔ መሃል ከተማ ነው የምሰራው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰልፍ ይዤ ማታ 2 ሰዓት ነው ቤት የምገባው፣ ግን ቤተሰቡ ውስጥ "ኮምፒውተር የሚያውቀው" እኔ ስለሆንኩ የሱቁ አይቲ ዲፓርትመንት ማለት እኔ ነኝ። ደሞዙ የቅዳሜ ምሳ ነው።

የዛሬ ዓመት ገደማ ዊንዶውሱ ከደንበኛ ፍላሽ በሚመጣ ቫይረስ አለቀ። ታውቁታላችሁ ያንን፣ ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን። ተማሪው አሳይንመንቱን ሊያወጣ ፍላሹን ይሰካል፣ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ደሞ ወደ ቀጣዩ ፍላሽ፣ ሰፈሩን በሙሉ ያዳረስነው እኛ ሳንሆን አንቀርም። ሶስቴ ፎርማት አረኩት፣ በአራተኛው በቃ ብዬ ፍሪቢኤስዲ ጫንኩበት። ለማታውቁት፣ ፍሪቢኤስዲ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ዩኒክስ ከሚባለው የድሮ ሲስተም የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ዝርያ የወረደ ሲስተም ነው፣ ለሌላው ነጻ ሲስተም ለሊኑክስ የአጎት ልጅ በሉት። ለምን ሊኑክስ አልጫንክም ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፣ ስለምወደው። እህቴ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ "ወርድ አለው?" አዎ አልኳት። ወርድን የሚተካውን ነጻ ፕሮግራም፣ ሊብሬ ኦፊስን ማለቴ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፕሪንተሩ ያገለገለ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ሌዘር፣ ከጀርባው የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያለው። ያቺን መሰኪያ ሳይ ነው ልቤ የሸፈተው። በዩኤስቢ ብሰካው ምናልባት በግማሽ ሰዓት አልቆ ሁላችንም ቤታችን እንገባ ነበር፣ ግን ራውተሩ ላይ ብሰካው ዴስክቶፑም ያትምበታል፣ እኔም ከ4ኛ ፎቅ በላፕቶፔ አትምበታለሁ፣ እህቴም ከስልኳ፣ ምናምን እያልኩ ለእህቴ አስረዳኋት። "እሺ፣ አንተ ካልክ" አለችኝ። ይቺን አረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ መልሳልኛለች።

መጀመሪያ የሞከርኩት የድሮውን መንገድ ነው። ዩኒክስ ላይ ከጥንት ጀምሮ ኤልፒዲ የሚባል አለ፣ ስራው ለማተም የመጣውን ሁሉ ሰልፍ ማስያዝ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤልፒአር ስትሉት ፋይላችሁ ሰልፍ ይገባል፣ ኤልፒኪው ስትሉት ማን ከማን ፊት እንደቆመ ያሳያችኋል፣ ኤልፒአርኤም ደሞ ከሰልፍ ያስወጣችኋል። ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፍሪቢኤስዲ ኤልፒዲን ይዞት ነው የሚመጣው፣ የሚቀራችሁ የሲስተሙ ቅንብር በሚቀመጥበት ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ፕሪንትካፕ የሚባል ፋይል ላይ ጥቂት መስመር መጻፍ ነው፦ አርኤም ብላችሁ የፕሪንተሩን አድራሻ፣ አርፒ ብላችሁ ፕሪንተሩ ውስጥ ያለውን የሰልፍ ስም፣ ኤስዲ ብላችሁ ሰልፉ የሚጠራቀምበትን ፎልደር። የሚነጋገሩት በ515 ፖርት ነው (ፖርት ማለት ቁጥር የተሰጠው የኔትወርክ በር በሉት)፣ አነጋገራቸው አርኤፍሲ 1179 የሚባል የኢንተርኔት ሰነድ ላይ በ1990 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው፣ ፕሪንተራችን ከዛ በስንት ዓመት ያንሳል ግን ቋንቋውን ይሰማል። ፎልደሩን ፈጠርኩ፣ ባለቤትነቱን ዴመን ለሚባለው ዩዘር ሰጠሁ (ይሄን ከረሳችሁት ሎጉን ካላያችሁ በስተቀር ምን እንደጎደለ የሚነግራችሁ የለም)፣ ሲስተሙ ሲነሳ በሚያነበው አርሲ ዶት ኮንፍ ፋይል ላይ ኤልፒዲን የስ አልኩና አስነሳሁት።

ወረቀት ወጣ! ግን ምን የመሰለ ወረቀት። የመጀመሪያው መስመር ከግራ ይጀምራል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ካለቀበት ስር ይጀምራል፣ ሶስተኛው ሁለተኛው ካለቀበት፣ እንደዛ እያለ ወደ ቀኝ እየወረደ ሄዶ ከወረቀቱ ይወጣል፣ ልክ የኮንዶሚኒየም ደረጃ በጎን ሲታይ። ረዳቷ ልጅ ወረቀቱን አንስታ አየችና "ጋሼ፣ ዲዛይን ነው?" አለችኝ። ከምሯ ነው።

ዲዛይን አይደለም። ዩኒክስ መስመር ሲጨርስ "ውረድ" የምትል አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ፕሪንተሩ ደሞ በዚህ ነገር እንደ ድሮ ታይፕራይተር ነው፣ ለሱ "ውረድ" እና "ወደ ግራ ተመለስ" ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፣ ውረድ ብቻ ካልከው እዛው በቆመበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እህቴ ድሮ ታይፕ የተማረችው በብረቱ ስለሆነ ወዲያው ገባት፣ በእጇ አየር ላይ ያቺን ዘንግ ገፋ አርጋ "ይቺን ረስቷታላ" አለችኝ። አዎ፣ ይቺን ነው የረሳው። አርፒ ላይ ራው ብዬ የጻፍኩትን ቴክስት ብዬ ስቀይረው ፕሪንተሩ ራሱ መመለሱን እየጨመረ ማተም ጀመረ። ይሄ ሁሉም ፕሪንተር ላይ አይሰራም፣ እኛ ቀናን።

ከዛ አማርኛ ላክሁ። "ለሚመለከተው ሁሉ" የምትል አንድ መስመር፣ ሌላ ምንም የለበትም። የወጣው የግሪክ ቤታ የምትመስል ፊደል፣ ከኋላዋ ሁለት ኮተት፣ እንደገና ቤታ፣ ሁለት ኮተት፣ እንደገና ቤታ... ልጥለው ብዬ ቆም አልኩና ቤታዎቹን ቆጠርኳቸው። የመጀመሪያው ቃል ላይ ሰባት። ለ፣ ሚ፣ መ፣ ለ፣ ከ፣ ተ፣ ው፣ ሰባት ፊደል! ሁለተኛው ቃል ላይ ሁለት ቤታ። ሁ፣ ሉ። ያኔ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ፕሪንተሩ የላኩትን አንድም ሳያጎድል ነው ያተመው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) በ1999 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.0 ጀምሮ አለ፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲጻፍ ግን አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ ደሞ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፣ እንደ ቤተሰብ ስም። ፕሪንተሩ ዩኒኮድ የሚባል አልሰማም፣ የድሮውን የፒሲ ሰንጠረዥ ይዞ ባይት በባይት እያየ ነው የሚያትመው፣ በዛ ሰንጠረዥ ላይ ያቺ የቤተሰብ ስም ጀርመኖች ለድርብ ኤስ የሚጠቀሙባት ቤታ መሳይ ፊደል ናት። ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ አሁንም አለኝ።

መፍትሄው ለፕሪንተሩ ጽሑፍ አለመላክ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ በፎንት ፊደሎቹን ይሳል፣ ገጹን ፖስትስክሪፕት (የገጽ መግለጫ ቋንቋ ነው) ወይም ፒዲኤፍ ያርገው፣ ከዛ ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ ይላክለት። ይሄን ጎስትስክሪፕት በሚባል ቀያሪ ፕሮግራም እያገጣጠሙ በእጅ መስራት ይቻላል፣ ጀምሬውም ነበር፣ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር፣ በማግስቱ ስራ አለ፣ ተውኩትና ካፕስን ጫንኩ።

ካፕስ በእንግሊዝኛ ስኒዎች እንደማለት ነው፣ እህቴ ስሙን ስትሰማ "ረከቦቱስ?" ብላኛለች። ምህጻረ ቃል ነው፣ የዩኒክስ የጋራ ማተሚያ ሲስተም እንደማለት። ማይክል ስዊት የሚባል ሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮት በ1999 ለቀቀው፣ አፕል ማክ ውስጥ በ2002 አስገባው፣ በ2007 ደሞ ኮዱን ገዝቶ ሰውየውንም ቀጥሮታል። ማክ ላይ ፕሪንት ብላችሁ የምታውቁ ሰዎች ሳታውቁት የካፕስ ደንበኛ ነበራችሁ።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አላደርቃችሁም። ፓኬጁን አውርዳችሁ ካፕስዲን፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሰራውን ፕሮግራም፣ ታስነሳላችሁ፣ ብራውዘር ላይ ሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ስም) 631 ስትሉ ገጹ ይመጣል፣ አድ ፕሪንተር። 631 አይፒፒ የሚባለው የፕሪንተር መነጋገሪያ ቋንቋ ፖርት ነው፣ በዚህ መንገድ የሚያወሩ ፕሪንተሮች ስትጠይቋቸው ስለራሳቸው ይናገራሉ፣ ምን አይነት ወረቀት እንደሚወስዱ፣ ሁለት ፊት ማተም ይችሉ እንደሆነ፣ ምን አይነት ፋይል እንደሚገባቸው። ስለዚህ ድራይቨር ፍለጋ የሚባል ጣጣ የለም፣ ኤቭሪዌር የሚለውን መርጦ ማለፍ ነው። ፕሪንተራችሁ የቆየ ከሆነ 9100 ፖርት አለላችሁ፣ እሱ አይጠይቅም አይመልስም የሰጡትን ይውጣል፣ ያኔ ግን ድራይቨሩን ራሳችሁ ፈልጉ።

ሁለት ነገር ብቻ አስቸገረኝ። አንደኛው ወረቀት ነው። ካፕስ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበትን ሌተር መስሎት፣ እሱ 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፣ የኛ ኤፎር 210 በ297፣ ፕሪንተሩ ብርቱካናማ መብራቱን እያብለጨለጨ ሌተር እስኪቀርብለት ቆመ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሌተር ወረቀት! ኤፎር ብዬ ቀየርኩት። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ከሊብሬ ኦፊስ ይታተማል፣ ተርሚናል ላይ ኤልፒአር ስል ግን ፕሪንተሩ ዝም። አንድ ማታ ሙሉ በላኝ። ለካ ፍሪቢኤስዲ ላይ ኤልፒአር ሁለት ነው፣ አንዱ ሲስተሙ ይዞት የመጣው፣ ዩኤስአር ቢን ውስጥ ያለው፣ ሌላው ካፕስ ያመጣው፣ ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ። ስሙን ስትጠሩት ቀድሞ አቤት የሚለው የድሮው ነው፣ የኔ ፋይሎች በሙሉ እኔው ራሴ ያጠፋሁት ኤልፒዲ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ቁጭ ብለው ነበር። ፓዝ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙ ትእዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካከልኩና አለፈ።

ከዛ ሁለት ሳምንት ሰላም። አማርኛው በኖቶ ፎንት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እህቴ ለደንበኞች "ወንድሜ ነው የሰራው" ትላለች፣ እኔ ምሳዬን እበላለሁ።

ረቡዕ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ዜና አይደለም፣ ሰፈራችን ነው። ግን ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ አራቴ ነው። ዩፒኤሱ ላይ ያለው ዴስክቶፑ ብቻ ነበር። ሌዘር ፕሪንተር ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፣ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ፊውዘር የሚባለው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ይግላል፣ ለማጋል የሚስበው ከረንት ዩፒኤሱን ያንጫጫዋል። ራውተሩን ግን ለምን እንዳልሰካሁት እኔም አላውቅም፣ ሶኬት አልቆብኝ ይሆናል።

ከሰዓት ስልኬ ጠራ። "አንተ፣ ያ ዩኒክስህ ሞተ።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ሰው ቆሞብኛል፣ ልጁ ሲቪ ሊያስገባ ነው፣ 9 ሰዓት ይዘጋበታል።"

ረዳቷን አቅርቢልኝ አልኳት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ተርሚናል ከፍታ ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም አንድን አድራሻ "አለህ?" ብሎ መጠየቅ፣ አስተምሬያታለሁ። የፕሪንተሩን አድራሻ 192.168.1.103 ብላ ፒንግ አረገችው። "ጋሼ፣ ይመልሳል።" ይመልሳል? ከመለሰማ ኔትወርኩ ደህና ነው። "እሺ፣ ፕሪንተሩን አጥፊውና አብሪው።" ትንሽ ቆየችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፦ "ጋሼ፣ አሁን እኮ አጥፍቼዋለሁ፣ አሁንም ይመልሳል።"

እኔ ምን አልኩ? "በደንብ አላጠፋሽውም።"

መልሱን እኮ በእጄ ሰጥታኝ ነበር። የጠፋ ፕሪንተር ለፒንግ አይመልስም፣ የሚመልሰው ሌላ ነው፣ አለቀ። እኔ ግን ስብሰባ ልገባ ስለነበር፣ ደሞም ኮምፒውተር የማውቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ቅዳሜ አየዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። ልጁ ሲቪውን የት እንዳሳተመ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወረድኩ። መጀመሪያ የፕሪንተሩን ቁልፍ ተጭኜ ይዤ የራሱን መረጃ አስወጣሁ፣ አብዛኛው ፕሪንተር ያለ ኮምፒውተር ስለራሱ አንድ ገጽ ማተም ይችላል፣ ኬብሉ ቢነቀል እንኳን። ገጹ ላይ ማክ አድሬሱ (የመሳሪያው የራሱ መለያ ቁጥር) አለ፣ አይፒው (ኔትወርኩ ላይ የተሰጠው አድራሻ) አለ። አይፒው 192.168.1.107 ይላል። ዴስክቶፑ ላይ ኤአርፒ ብዬ 103 ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጭራሽ የማላውቀው ማክ። ፕሪንተሩ ቤት ቀይሯል፣ እኛ የድሮ ቤቱን ነው ስናንኳኳ የከረምነው፣ የድሮ ቤቱ ውስጥ ደሞ ሌላ ሰው ገብቶ "አቤት" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተሩ አይፒ የሚያድለው ዲኤችሲፒ በሚባል መንገድ ነው፣ የሚሰጠውም በሊዝ ነው። ቃሉ ራሱ ሊዝ ነው፣ እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት። የአዲስ አበባ ሰው ሊዝ ሲባል መሬት ነው የሚታየው፣ የመኖሪያ ከሆነ 99 ዓመት፣ ልጅ ወልዳችሁ ትድራላችሁ። የኛ ራውተር ሊዝ ግን 120 ደቂቃ ናት። ዕቃው ከበራ እያደሰ እያደሰ እዛው ይኖራል፣ መብራት ሄዶ ራውተሩም ፕሪንተሩም ሲጠፉ ግን እንዲህ ያለው ርካሽ ራውተር መዝገቡን ይረሳል፣ ሲነሳ ቀድሞ ለደረሰ ከ100 ጀምሮ ማደል ነው። ስልክ መብራት አይጠፋበትም፣ ራውተሩ እንደተነሳ ዘሎ ይገባል። ፕሪንተር ደሞ እስኪሞቅ፣ እስኪያጓራ፣ ወረቀቱን እስኪፈትሽ ድረስ ቦታው ተይዟል። አራት ጊዜ መብራት ስትሄድና ስትመጣ አራት ጊዜ ዕጣ ወጣ ማለት ነው፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው የሚገባው አይነት።

ታዲያ 103 ላይ የገባው ማነው? ፒንጉን ክፍት አርጌ ትቼ የሁላችንንም ስልክ ዋይፋይ አንድ በአንድ አጠፋን። የኔ፣ ይመልሳል። የእህቴ፣ ይመልሳል። የልጅቷ፣ ይመልሳል። ሌላ ስልክ የለም። እህቴ ወደ ልጅቷ ዞረች፣ ልጅቷ ወደ ላሚኔሽኑ ዞረች። "ፓስዎርዱን ለማን ሰጥተሻል?" ዝም። ከዛ ቀስ ብላ ወጣችና ጎናችን ያለው ፀጉር ቤት በር ላይ ቆማ የሆነ ነገር አለች፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ፒንጉ ቆመ። ሶስት ቀን ሙሉ የሰፈሩን ሲቪ፣ ማመልከቻና አሳይንመንት ስንልክ የከረምነው ለፀጉር አስተካካዩ ስልክ ነው። ስልኩ 631 ላይ የሚሰማ ጆሮ ስለሌለው እየመለሰው ነበር እንጂ። (የድሮ ሊኑክስ ፕሪንተሩ አልገባው ሲል "ኤልፒ ዜሮ ኦን ፋየር" ማለትም እየተቃጠለ ነው ይል ነበር፣ "ፀጉር ቤት ነው" የሚል ግን የትም አላየሁም።)

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ አድሬስ ሪዘርቬሽን የሚለው ላይ የፕሪንተሩን ማክ ጽፋችሁ አንድ አይፒ ታስሩለታላችሁ፣ እኔ 192.168.1.50 ሰጠሁት፣ ከሚታደለው ከ100 በታች ስለሆነ ማንም አይደርስበትም። አይፒውን ፕሪንተሩ ላይ ራሱ በእጅ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ፕሪንተሩን አንድ ቀን ሪሴት ያረገው ሰው አብሮ ያጠፋዋል፣ ራውተሩ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፣ የራውተሩን ፓስዎርድ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ (ነበርኩ)። ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰካሁት። ፕሪንተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ አዲስ ቤቱ ገባ፣ ኤልፒአድሚን በሚባለው ትእዛዝ ካፕስን አድራሻው 50 ሆኗል አልኩት። ስሙን አልቀየርኩም፣ ሰልፉንም አልነካሁም።

ሰልፉን አለመንካቴ ነው ጥፋቱ።

ካፕስ ፕሪንተር አልመልስ ሲለው ስራውን አይጥልም፣ ይዞ ይጠብቃል፣ ታማኝ ነው። ልጅቷ ደሞ ረቡዕ ዕለት ሲቪው አልወጣ ሲላት እንደ ማንኛችንም ደግማ ፕሪንት ብላዋለች፣ ከዛም ደግማ፣ ባለቤቱ "እስቲ ሞክሪው" ሲላት እንደገና። ሐሙስና አርብ የመጣው ሁሉ እንደዛው። አድራሻውን ባስተካከልኩ በአራት ሴኮንድ ውስጥ ፕሪንተሩ ማጓራት ጀመረ። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንድ ወጣ፣ ሁለት ወጣ፣ ያው ፎቶ፣ ያው ስም፣ ያው "የትምህርት ደረጃ"። እህቴ "አቁመው!" ስትል እኔ ካንስል የሚለውን ትእዛዝ ለመጻፍ ጣቴ ተሳሰረ፣ ሶስቴ ተሳሳትኩ፣ በመጨረሻ እሷ የወረቀቱን ትሪ መዥለጥ አርጋ አወጣችው። ብልህ ናት። ኤልፒኪው ስል ገና 27 ስራ ሰልፍ ላይ አለ፣ ሁሉንም ሰረዝኩት።

ሰኞ ልጁ ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ እህቴ አስራ አራቱንም ሲቪ ክሊፕ አርጋ ሰጠችው፣ የአንዱን ሂሳብ ተቀብላ።

"እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የት ላስገባው?"

"ከተማ ይዘኸው ውጣ፣ መስሪያ ቤት አይጠፋም" አለችው።